ጅማ ላይ ውጪ ስትበሉ ሰዓቱን እወቁ

ጅማ አዲስ የገባ ሰው፣ ዩኒቨርሲቲ የተመደበም ይሁን ለሥራ የመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥሩ ምግብ የት አለ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ በስንት ሰዓት ልትበላ ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። ትንንሾቹ ቤቶች በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ ነው የሚሠሩት፤ የቀረው ሰዓት ማሞቅ ነው። ሰዓቱን ያወቀ ሰው በዚያው ዋጋ ትኩሱን ይበላል፣ ሆዱም ሰላም ያድራል።

ከጠዋቱ እንጀምር። ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ፍርፍር የምትበሉበት ሰዓት ነው። መርካቶ አካባቢ ያሉት ትንንሽ ቤቶች ማልደው ይከፍታሉ፣ ምክንያቱም ደንበኞቻቸው ሱቅ የሚከፍቱ ነጋዴዎች፣ ተሸካሚዎችና የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የማይረባ ቁርስ ከቀረበላቸው ነገ አይመለሱም። የፉሉ ባቄላ ቀድሞ ስለሚቀቀል በጠዋት ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ረፈድ ሲል ድስቱ ላይ ውሃ እየተጨመረ ይቀጥናል። ስፔሻል ካላችሁ እንቁላል ይጨመርበታል፣ አንዳንድ ቤት አቮካዶም አለ። ላዩ ላይ የሚነሰነሰው ቲማቲምና ቃሪያ ጥሬ ስለሆነ፣ ሆዳችሁ ገና ከተማውን ካልለመደ «ያለ ቲማቲም» በሉ፤ ማንም አይቀየማችሁም።

ሐሙስ ትልቁ የገበያ ቀን ነው። በዚያን ዕለት ከገጠር የሚመጣው ሰው ብዙ ስለሆነ የገበያው ዙሪያ ምግብ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎም ይሠራል። ግርግሩን ከቻላችሁት ሐሙስ ምሳ እዚያው ብሉ።

ምሳ ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ ካለፈ ወጡን ትታችሁ እዚያው የሚሠራ ነገር እዘዙ፤ ተጋቢኖ፣ እንቁላል፣ ፓስታ በአትክልት። ተጋቢኖ በሸክላው እየተንተከተከ ስለሚመጣ ከማታ ተራርፎ የቀረ ነገር የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። እኔ ቤቱን የማላውቀው ከሆነ ሁሌም እሱን ነው የማዝዘው። ረቡዕና አርብ ደግሞ በያይነቱ ብሉ። ጿሚው ብዙ ስለሆነ ምስሩም ክኩም ጎመኑም የዕለቱ ነው፤ ማክሰኞ ያዘዛችሁት በያይነቱ ግን ከየት እንደተሰበሰበ እግዜር ይወቅ።

የሥጋ ነገር መለየት አለበት። ሥጋ ቤቱና ምግብ ቤቱ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ ታያላችሁ፤ ጅማ ሁለቱም እምነት ጎን ለጎን የሚኖርበት ከተማ ነውና ይህን ማየት የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። ተቀላቅላችሁ ከወጣችሁ አስተናጋጁ ፊት ከመከራከር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ፉል፣ ሽሮ፣ አሳ፣ ጭማቂ ሁሉንም ያስማማል። ጥሬ ሥጋ ግን ለማንም አልመክርም፣ ኮሶ የሚመጣው ከዚያ ነው። «በደንብ ይጠበስ» ማለት ነውር የለውም።

አሁን ወደምወደው ሰዓት እንምጣ። ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ይጠበሳል፣ መንገድ ዳርም ጀበና ይጣዳል። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ዘይቱ ላይ ጣሉ። ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠቁሮ ከወፈረና ጭሱ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ እለፉት፤ ያ ዘይት ስንት ቀን እንደተመላለሰ አይታወቅም። ቀጥሎ እጅ እዩ። ገንዘቡን የሚቀበለውና ሳምቡሳውን የሚያነሳው ያው እጅ ከሆነ በመቆንጠጫ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ ወይም ሁለት ሆነው የሚሠሩበት ጋሪ ፈልጉ። በተጻፈበት የደብተር ወረቀት አትጠቅልሉልኝ በሉ፤ ቀለሙ ከዘይቱ ጋር ነው የሚገባላችሁ። ተደርድሮ ከቀዘቀዘው ይልቅ ከመጥበሻው የሚወጣውን ጠብቁ። አምስት ደቂቃ ነው።

ቡናውን መንገድ ዳር ጠጡ። ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ ማዘዝ ትችላላችሁ፣ አልቃወምም፣ ግን ቡና ለቀማው የሚካሄድበት አገር መጥቶ የጀበና ሳይጠጡ መሄድ ያሳዝነኛል። ቆሎ ወይም ፈንዲሻ ቢቀርብላችሁ ዋጋው አብሮ እንደሆነ ጠይቁ። ቡና የምታፈላዋን ሴት እንደ ዕድሜዋ እህቴ ወይም እትዬ በሉ፤ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ በኦሮምኛ ሰላም ካላችሁ ደግሞ ወንበር ይለቀቅላችኋል። ሲኒው ስለሚታጠብበት ውሃ ከተጠራጠራችሁ «በፈላ ውሃ አለቅልቂልኝ እባክሽ» ይበቃል።

ጭማቂ ቤት የገባ ሰው ስፕሪስ ማዘዙ አይቀርም። ጅማ ዙሪያ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ይበቅላል፣ ስለዚህ ወቅቱ የሆነውን ጠይቃችሁ እሱን ብቻ ብታዝዙ ይሻላል። «ውሃና ስኳር ሳይበዛ» በሉ። ጥሩ የአቮካዶ ጭማቂ በማንኪያ ነው የሚበላው። ሎሚ ጨምቁበት። ቃሪቦ ካገኛችሁ ቅመሱት፤ ከገብስ የሚሠራ፣ የማያሰክር፣ ጠቆር ያለ መጠጥ ነው፣ ሠርግና በዓል ላይ በብዛት ይቀርባል።

ረመዳን ሲሆን ሰዓቱ ሁሉ ይገለበጣል። ብዙ ቤቶች ቀን ዝግ ናቸው። 11 ሰዓት ግድም ግን መንገዱ ዳር ሳምቡሳና ቴምር ይሞላል፣ የዓመቱ ምርጥ ሳምቡሳ ያኔ ነው። የማትጾሙ ከሆነ ግዙና ቤት ይዛችሁ ሂዱ እንጂ የጾመ ሰው ፊት ቆማችሁ አትብሉ። አዛን ካለ በኋላ ደግሞ ማንም ሰው «ና ብላ» ይላችኋል፤ አትግደርደሩ።

ሲመሽ የበቆሎና የድንች ጥብስ ተራ ነው። እሸት በቆሎ በክረምቱ መጨረሻና በመስከረም ነው የሚጣፍጠው። ከሰል ላይ ፊታችሁ ሲጠበስ ማየት ስለምትችሉ ከጋሪና ከመንገድ ዳር ምግብ ሁሉ እሱን አምነዋለሁ። የድንች ጥብስ ላይ ከሳምቡሳው ጋር የነገርኳችሁን የዘይት ነገር ድገሙት፤ ሚጥሚጣና ዳጣውን ለብቻ አስደርጉ። ጅማ ዝናብ ይበዛታል፣ ክረምት ላይ ማታ ጋሪዎቹ ድንገት ይሰወራሉ፣ ስለዚህ እራታችሁን በጋሪ ላይ ብቻ ተማምናችሁ አትውጡ።

ስለ ክፍያ፦ ካፌዎቹ ብዙዎቹ ቴሌብር ይቀበላሉ፤ ለጋሪና ለቡና ግን ዝርዝር ያዙ። ዋጋ ያልተጻፈበት ቦታ ከመብላታችሁ በፊት ጠይቁ። ትንሽ ሳሙና ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፣ የመታጠቢያው ውሃ ኖሮ ሳሙናው የሌለበት ቤት ብዙ ነው። ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ከያዛችሁ ከፋርማሲ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ገዝታችሁ በተጻፈበት ልክ በጥብጡና ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ትኩሳት ካለው ወይም ደም ከታየ ግን በራሳችሁ መድኃኒት አትግዙ፣ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ።