ያገባች ሴት የኑሮዋን ጥራት በደብተር እንዴት ትመዝን?

«ኑሮ እንዴት ነው?» ሲሏት «ተመስገን» ብላ የማታልፍ ባለትዳር በባሕር ዳር ማግኘት ይከብዳል፤ ምስጋናው መልካም ቢሆንም የጎደለው የቱ ጋ እንደሆነ አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮን ጥራት ለመለካት ያዘጋጀው አጭር መጠይቅ 26 ጥያቄዎች ሲኖሩት፣ ያለፉትን 2 ሳምንታት መነሻ አድርጎ ስለ አካል ጤና፣ ስለ መንፈስ ሁኔታ፣ ከሰው ጋር ስላለ ግንኙነትና ስለ መኖሪያ አካባቢ ይጠይቃል። እርስዎም ይህንኑ አካሄድ በአንድ ተራ ደብተር መከተል ይችላሉ።

ለ14 ቀናት ማታ ማታ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ የት እንዳመመዎት፣ ከቤተሰብ ውጭ ከማን ጋር እንደተጫወቱ፣ ብር ሲወጣም ማን እንደወሰነ በአጭሩ ይጻፉ። ሽምብጥ አካባቢ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ጎረቤቴ ይህን ስትሞክር፣ ለዓመታት «እርጅና ነው» ስትለው የኖረችው የወገብ ሕመም የሚነሳባት በጋገረችበት ቀን ማታ ብቻ መሆኑን አየች፤ ጎንበስ ብላ ከምትጋግርበት ጉልቻ ምጣዷን አንስታ ከፍ ተደርጎ በተሠራ ምርጥ ምድጃ ላይ ስትጥደው፣ ሕመሙም ጭሱም ቀለለላት። ከወሊድ በኋላ ሽንት አልቋጠር ካለ ግን በቤት የሚፈታ ነገር አይደለምና፣ እዚሁ ባሕር ዳር ወዳለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ይሂዱ፤ ሕክምናው በነጻ ነው።

እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው የብሩ ነገር ነው። ገቢው ቢያንስም የምትማከርበት ሴት፣ ብር ሞልቶ የበርበሬ መግዣ ከምትለምን ሴት የተሻለ ትኖራለች። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል በ1995 ያወጣው የራሱ ሕግ ባልና ሚስትን በቤተሰብ አስተዳደር እኩል ያደርጋሉ፤ በጣና ዳር ገጠሮች በመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የሁለቱም ስም አብሮ የሚሰፍረውም በዚሁ መንፈስ ነው። ስለዚህ «እሱ ወሰነ» የሚለው በደብተርዎ ከበዛ፣ በንዴት ሰዓት ሳይሆን እሑድ ቡና ተፈልቶ ልጆች ወጣ ሲሉ፣ «እቁቡ ሲደርሰን ምን እናድርግበት?» ብለው ከአንድ ጉዳይ ይጀምሩ።

በቤቱ ዱላ ካለ ይህ ምክር አይሠራም፤ ደብተሩን ከሚያምኑት ሰው ዘንድ አስቀምጠው ለፖሊስ ያመልክቱ፣ ነገሩ በሽማግሌ ብቻ ይለቅ ቢሉዎትም እሺ አይበሉ።

ከ3 ወር በኋላ ሌላ 14 ቀን ጽፈው ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩት።