ከቁልፉ በፊት መቃኑን ያጠናክሩ

በርግጫ የሚከፈት በር ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው በቁልፉ ሳይሆን በመቃኑ በኩል ነው። የቁልፉ ምላስ የሚገባበት ትንሽ ብረት በአብዛኛው የተያዘው በሁለት አጫጭር ቪሶች ነው፤ እነሱም የነከሱት ስሱን የመቃን እንጨት ብቻ ስለሆነ በጥቂት ምት ይሰነጠቃል። ውድ ቁልፍ ከመግዛትዎ በፊት እባክዎ ይህንን ያስተካክሉ።

ብረቱን ፈትተው ወፍራምና ረዘም ያለ፣ ቢያንስ አራት ቀዳዳ ባለው ይተኩት። 75 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ቪሶች መቃኑን አልፈው ከኋላው ያለውን ጠንካራ እንጨት ይይዛሉ። መቃኑ የቆመው በግንብ ላይ ከሆነ ግን ፊሸር (ቪሱን ግንቡ ውስጥ አጥብቆ የሚይዝ መሰኪያ) ያስፈልጋል። መጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይብሱ፤ ያለዚያ እንጨቱ ራሱ ይተረተራል። ከዚያ በሩን ዘግተው ቁልፉን ያዙሩ። ምላሱ እስከ መጨረሻው ካልወጣ ቀዳዳው ጥልቀት አንሶታል፤ በመሮ ይጨምሩለት። በግማሽ የወጣ ምላስ ተገፍቶ ሊመለስ ይችላል።

የቁልፉ ሲሊንደር፣ ማለትም መክፈቻው የሚገባበት ክፍል፣ ከበሩ ገጽ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ ከወጣ በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል፤ አጠር ባለ ይቀይሩት።

ተንሸራታች መስኮት ከውጭ ተገፍቶ እንዳይከፈት ሐዲዱ ውስጥ በልኩ የተቆረጠ ዱላ ማጋደም ይረዳል።

የመኝታ ቤት መስኮት ላይ የብረት ፍርግርግ ካስገጠሙ ቢያንስ አንዱ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። እሳት ሲነሳ ቁልፍ ለመፈለግ ጊዜ አይኖርም።