የእናትና የአያት የሕይወት ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

በጎጃም አንዲት እናት ሲያርፉ፣ በተለይ እንደ ደብረ ማርቆስና ቢቸና ባሉ ከተሞች፣ ፍትሐቱ አልቆ ግብዓተ መሬቱ ከመፈጸሙ በፊት የሕይወት ታሪካቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ይነበባል። ጽሑፉን እንዲያዘጋጅ የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ «ፊደል የቆጠረ» የሚባለው የልጅ ልጅ ነው፤ የሚሰጠውም ጊዜ አንድ ሌሊት፣ ያውም ለቅሶው ሳያባራ ነው። በዚህ ጥድፊያ የሚጻፈው ታሪክ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ለየትኛዋም እናት ሊነበብ ይችላል፤ «ታታሪ፣ ደግ፣ ሩኅሩኅና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» ይልና ያበቃል። የአያቴን ታሪክ የጻፍሁት እኔም እንዲሁ አድርጌ ነው። ከዚያ ወዲህ ለዘመድና ለጎረቤት ስጽፍ የተማርሁትን እነሆ።

ቢቻል ሥራው እናቲቱ በሕይወት ሳሉ ቢጀመር ይመረጣል። «የሕይወት ታሪክሽን ልጻፍ» ብሎ መቅረብ ግን ሟርት ይመስላል፤ ምስር ሲለቅሙ ወይም ጥጥ ሲፈትሉ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ስልኩን አስፈቅዶ ለመቅጃ ከፍቶ፣ «ይህን ጋን ከየት አመጣሽው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የጋኑ ነገር ወደ ገበያው፣ ገበያው ወደ ሠርጋቸው፣ ሠርጉ ወደ አባታቸው ቤት ይወስዳቸዋል። እጃቸው ሥራ ይዞ ሳለ የሚያወሩትን ያህል ወንበር ቀርቦላቸው አያወሩም።

ከሁሉ በፊት ስም መጣራት አለበት። የክርስትና ስማቸውን ካህናቱ ለፍትሐቱም ለተዝካሩም ስለሚፈልጉት መጠየቁ አይቀርም፤ ሲጠየቅ ግን ክርስትና የተነሡበት በዓልም አብሮ ይጠየቅ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በተወለደች በ80 ቀኗ ስለሆነ፣ ከበዓሉ ወደ ኋላ በመቁጠር የልደቱን ሰሞን ማግኘት ይቻላል። ለምሳሌ ጥር 21 ቀን በአስተርእዮ ማርያም ክርስትና ተነሥተው ወለተ ማርያም የተባሉ እናት ልደታቸው በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መግቢያ ላይ ይውላል፤ ቤተሰቡ «ጤፉ ገና ሳይታጨድ ነው የተወለደችው» የሚል ከሆነ ሁለቱ ይገጥማሉ።

ዓመቱን ደግሞ አገር ከሚያስታውሰው ነገር መነሣት ነው። ጣሊያን የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው፤ በላይ ዘለቀ የተሰቀለው በ1937 ነው፤ የጎጃም ገበሬ በግብር ምክንያት ያመፀው በ1960፣ የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው በ1967፣ መሬቱ እንደገና የተደለደለው በ1989 ነው። «የበላይን መሰቀል የሰማሁት ጥጃ ስጠብቅ ነው» ያሉ እናት ያኔ ሰባት ዓመት ገደማ ቢሆናቸው ነውና በ1930 አካባቢ ተወልደዋል ማለት ነው። «ገደማ» ወይም «አካባቢ» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም። ቀንና ወር ፈጥሮ መጻፍ ግን ከእድርተኛው መካከል እኩያቸው ሰምቶ «እሷማ የእኔ ታላቅ ናት» እንዲል ያደርጋል።

ከዚያ ሥራቸው ይመጣል። እዚህ ላይ ሳይቸኩሉ መቆየት ተገቢ ነው፤ «ታታሪ» የሚለውን ቃል ከነአካቴው ትቶ የዋሉበትን መጻፍ ይሻላል። በስንት ሰዓት ይነሡ ነበር? ወፍጮ ቤት ሳይመጣ በመጅ የፈጩት ምን ነበር፣ ዳጉሳ ወይስ ጤፍ? ጠላ ጠምቀው ሸጠው የማንን የትምህርት ቤት ልብስ ገዙ? ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ብዙ ፈትል ይበላል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ጋቢ ያለበሱ እናት ስንት ክረምት እንዝርት ሲያሾሩ እንዳመሹ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቆ መቁጠር ይቻላል። ያ ቁጥር ሲነበብ፣ ያን ጋቢ የለበሰው ልጅ ሳያስበው ጫፉን ይዳብሳል።

ስለ ደግነታቸው ልጆቻቸውን ብቻ መጠየቅ አያዋጣም። ልጅ እናቱን የሚያውቃት ከምድጃው በዚህ በኩል ሆኖ ነው፤ በጓሮ በር የወጣውን አያይም። ጎረቤቷን፣ የጽዋ ማኅበርተኛዋን፣ ቤታቸው ተከራይታ የኖረችውን ተማሪ መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኔን አያት ደግነት የነገሩኝ አንዲት ባልቴት ናቸው፤ አያቴ ጤፍ ሲያበድሩ ቁናውን አናቱ እስኪፈስ ከምረው ይሰፍሩና፣ ብድሩ ሲመለስ ግን የተከመረውን በመዳፋቸው ጠርገው ወደ ተበዳሪዋ ስልቻ ይመልሱት ነበር። እኛ እዚያው ቤት ያደግነው ይህን አናውቅም። «እጃቸው ለጋስ ነበር» ብዬ ከጻፍሁት ይልቅ ይህ ቁና ይናገራል።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ፣ ወደ ልጆች ስም ዝርዝር። ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው። እናቲቱ ሁለት ጊዜ አግብተው ከሆነ ልጆቹ ሁሉ በዕድሜያቸው ተራ ቢጠሩ ይሻላል፤ በባል ከፍሎ መጻፍ በመቃብር ላይ ድንበር ማበጀት ነው። በሕፃንነታቸው የሞቱትም ይቆጠራሉ፤ እናት አልረሳቻቸውምና። በልጅነታቸው ተድረው ከሆነም «በወጉ ትዳር መሠረቱ» ብሎ ከማስዋብ «በልጅነታቸው ተዳሩ» ብሎ እውነቱን በአጭሩ ማስፈር ይበቃል። ከሁሉ የሚረሳው ግን ያሳደጉት ልጅ ነው። እኔ በአያቴ ቀብር ላይ ሰባቱን ልጆች በስም ጠርቼ ስጨርስ፣ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ እጃቸው ላይ ያደገችውን እታተን አልጠራኋትም ነበር። ያን ዕለት ምንም አላለችም። በሠልስቱ ማለዳ ግን ጓዳ ስገባ ሽንኩርት እየከተፈች ነበርና፣ ቀና ሳትል «እኔን ወዴት ጣልኸኝ?» አለችኝ። ዓይኗ ያለቀሰው በሽንኩርቱ ይሁን በእኔ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ጽሑፉ ከመነበቡ በፊት ለሁለት ሰው ይሰማ፤ አንዱ ከቤተሰቡ ታላቅ፣ ሌላው ከቤቱ ውጭ የሆነ ሽማግሌ። በቀብሩ ዕለት የሚነበበው ከአንድ ገጽ ተኩል ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ ካህናቱም ይጠብቃሉ። ፊደሉ ጎላ ብሎ ይታተም፣ የሚያነበውም ድምፁ የማይቆረጥ ሰው ይሁን፤ የቅርብ ልጅ ሲሆን መካከል ላይ ሳግ ይይዘዋል። ቀሪው፣ ቁናውና ጋቢው ሁሉ በሰፊው፣ ለ40 ቀኑ ተዝካር ይቆይ።

የ40 ቀኑ ጽሑፍ ሲዘጋጅ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ይተው። ተዝካር ላይ እንጀራው ተበልቶ ጠላው ሲቀዳ ሰው ማውራት ይጀምራል፤ «ይህንንስ ጽፈኸዋል?» የሚለው ብዙ ነው፤ የሚነገረውም ወዲያው በእጅ ጽሑፍ ቢሰፍር ለሙት ዓመቱ ይደርሳል። እኔም የእታተን ስም በተዝካሩ ጽሑፍ ላይ ከታላቁ ልጅ ቀጥሎ በተራዋ አስገብቼ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ለእሷ ሰጠሁ። ማንበብ ስለማትችል ልጇን ጠርታ ያን መስመር ሁለት ጊዜ አስነበበችውና፣ ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።