ለኤምጂቢ የካርቡሬተር መርፌ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ1962 ገበያ ላይ የወጣው የእንግሊዙ ስፖርት መኪና ኤምጂቢ ኤስዩ የተባለው ዓይነት፣ ኤችኤስ4 ሞዴል የሆኑ ሁለት ካርቡሬተሮች ነበሩት። በኤስዩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ከፒስተኑ ሥር ተንጠልጥሎ በጂግለሩ (ቤንዚኑ በሚወጣበት ቱቦ) ቀዳዳ የሚወጣና የሚወርድ መርፌ ነው። ውፍረቱ በየ1/8 ኢንች ተለክቶ በሰንጠረዥ ይቀመጣል፤ የሚለካበት ቦታ ጣቢያ ይባላል። ፒስተኑ ወደ ላይ በተነሣ ቁጥር ቀጭኑ የመርፌ ክፍል ይመጣና ቤንዚኑ ይጨምራል።

ሌላውን ሳይፈትሹ ወደ መርፌ መሄድ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የቫልቭ ክፍተት፣ ፑንቲና (የእሳት መቆራረጫው) እና ታይሚንግ (እሳቱ የሚሰጥበት ጊዜ) በመጀመሪያ ይስተካከሉ። ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) እየሠራ የጋዙ ቢራቢሮ (በፔዳሉ የሚከፈተው የአየር መዝጊያ) ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ ጥቂት የካርቡሬተር ማጽጃ ይርጩ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ዘንጉ ተበልቶ አየር እያስገባ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም መርፌ አያድነውም።

በሚኒሞ አይቶ መፍረድ። የኤችኤስ4 ጂግለር ቀዳዳ 0.090 ኢንች ነው። በመጀመሪያው ጣቢያ መርፌው 0.089 ገደማ ስለሚሆን ቤንዚን የሚያልፍበት ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። እዚያ ላይ መርፌው በ0.001 ኢንች ብቻ ቢቀጥን ክፍተቱ እጥፍ ይሆናል። መርፌው 0.075 በሆነበት መካከለኛ ጣቢያ ግን ያው 0.001 የሚጨምረው 6 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ በጉዞ ላይ ቤንዚን አነሰው ብለው ጂግለሩን ከሥሩ ባለው ማስተካከያ ዳዶ ሲያወርዱት፣ የላይኛዎቹ ጣቢያዎች ሳይስተካከሉ ሚኒሞው በቤንዚን ይታፈናል። ዳዶው የሚኒሞ ማስተካከያ ነው። ጂግለሩን ከድልድዩ (ፒስተኑ ከሚያርፍበት የካርቡሬተሩ ወለል) ጋር እኩል ካደረጉ በኋላ ሁለት ዙር፣ ማለትም 12 የዳዶ ፊት፣ አውርደው ይጀምሩ። ከዚያ ፒስተኑን 1/32 ኢንች ያህል ያንሡት፦ ዙሩ ጨምሮ እዚያው ከቆየ ቤንዚን በዝቷል፤ ሞተሩ ሊጠፋ ከቃጣው አንሷል፤ ለአፍታ ጥቂት ጨምሮ ከተመለሰ ልክ ነው። ይህ ሁሉ ስለ መጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች እንጂ ስለ ቀሪው መርፌ ምንም አይነግርዎትም።

ጣቢያውን ከፔዳሉ ጋር ማያያዝ። ፒስተኑን የሚያነሣው የሚገባው አየር መጠን ነው። በዝቅተኛ ዙር ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ሲረግጡና በሜዳ መንገድ በረጋ ፍጥነት ሲሄዱ አየሩ እኩል ከሆነ መርፌው አንድ ጣቢያ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሲለኩ ዙሩንም ጭነቱንም አብረው ይመዝግቡ፤ የሁለት መርፌ ሰንጠረዥ የሚያወዳድሩት ከዚያ በኋላ ነው። 18ጂቢ ለተባለው የኤምጂቢ ሞተር መደበኛው መርፌ 5 ቁጥር ነው፤ ቤንዚን የሚያበዛው 6፣ የሚቀንሰው ደግሞ 21 ነው። ካልተነካካ ሞተር ጋር ከ5 መራቅ እምብዛም አያስፈልግም።

የማይገናኙ ዕቃዎችን መቀላቀል። ለ0.100 ጂግለር የተሠራ መርፌ በ0.090 ውስጥ አይሠራም። ቋሚውና በሞላ ወደ አንድ ጎን የሚደገፈው መርፌም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፒስተንና ጂግለር ይፈልጋሉ። ቋሚውን ሲያስገቡ ትከሻው ከፒስተኑ የታችኛው ፊት ጋር እኩል ይሁን፤ ከዚያ ጂግለሩን መሀል ያስይዙት። ፒስተኑ ሲለቀቅ ድልድዩ ላይ «ቀጭ» ብሎ ካላረፈ መርፌው ግድግዳውን እየፋቀ ነው። የቆየ ጂግለር ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ አዲስ መርፌ ብቻ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ በሁለቱም ካርቡሬተር መርፌና ጂግለር አብረው ይቀየሩ።

የፒስተኑን ሞላና ዘይት መርሳት። የኤምጂቢ ሞላ ቀይ፣ 4.5 አውንስ ነው። ጠንካራ ቢገባ ፒስተኑ በዚያው አየር ዝቅ ስለሚል የለኩት ሁሉ ይዛነፋል። ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ ብቻ ሞተሩ የሚያንገራግር ከሆነም ከመርፌው በፊት የዳምፐሩን (ፒስተኑ በድንገት እንዳይነሣ የሚያዘገየውን) ዘይት ይዩ፤ ኤስኤኢ 20 ይሁን።

የጭስ ማውጫ ጋዝ መለኪያውን ቁጥር ቤንዚኑን ሳያውቁ ማመን። ከመስከረም 2021 ጀምሮ በብሪታንያ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ኢ10 ነው። ሙሉ ለሙሉ ለመቃጠል እንደ ንጹሕ ቤንዚን የክብደቱን 14.7 እጥፍ ሳይሆን 14.1 እጥፍ ገደማ አየር ስለሚፈልግ፣ ትናንት ልክ የነበረው መርፌ ዛሬ 4 በመቶ ያህል ያንሰዋል። በላምዳ (የገባው አየር ለሙሉ መቃጠል ከሚያስፈልገው አየር ጋር ሲነጻጸር፤ 1 ልክ ነው፣ ከ1 በታች ቤንዚን በዝቷል) ያንብቡ፦ በረጋ ጉዞ 1 አካባቢ፣ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ከ0.87 እስከ 0.90። በ0.075 ጣቢያ ላይ ያን 4 በመቶ ለመመለስ የሚያስፈልገው 0.0007 ኢንች መቅጠን ብቻ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ደረጃ የሚያበዛ መርፌ መግዛት ከመጠን ያለፈ ነው።