«ባትማን ቪ ሱፐርማን»ን እንደገና አይቶ በአግባቡ መመዘን፦ ደረጃ በደረጃ

ዛክ ስናይደር የሠራው «ባትማን ቪ ሱፐርማን፦ ዶውን ኦፍ ጀስቲስ» እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ለእይታ ሲበቃ ተመልካቹን ለሁለት ከፈለ፤ ዛሬም እንደከፈለ ነው። የ2013ቱ «ማን ኦፍ ስቲል» ተከታይ ነው። በመላው ዓለም ከ870 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ አሜሪካ ውስጥ ግን የሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ገቢው ከመጀመሪያው በ69 በመቶ ገደማ ወረደ። አብዛኛው ተቺ ጠላው፤ የወደደው ደግሞ አጥብቆ ወደደው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊልም የሚወዱ ጓደኛሞች ቡና ላይ ተቀምጠው ስሙ ከተነሳ፣ በረካው እስኪጠጣ ክርክሩ አይበርድም።

ክርክሩ የሚካረረው ግን በጣዕም ልዩነት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተከራካሪዎቹ ያዩት የተለያየ ፊልም ነው። ስለዚህ ምዘናው የሚጀምረው ከአስተያየት ሳይሆን ከፋይሉ ነው።

1. የትኛውን ቅጂ እንዳያችሁ ለዩ

በአንድ ስም ሦስት ነገር ይዞራል። አንደኛው ሲኒማ ቤት የታየው የ151 ደቂቃ ቅጂ ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት በጁን መጨረሻ በዲጂታል፣ በጁላይ በዲስክ የወጣው «አልቲሜት ኤዲሽን» ሲሆን ግማሽ ሰዓት ተጨምሮበት 182 ደቂቃ ይረዝማል። ሦስተኛው በአማርኛ ተራኪ የቀረበው ትርጉም ፊልም ነው። ትርጉም ፊልም ስንቱን ሰው ከሲኒማ ጋር ያስተዋወቀ ትልቅ ሥራ ነው፤ ለዚህ ምዘና ግን አይሆንም። ተራኪው በተዋናዮቹ ንግግር ላይ ስለሚናገር የድምፃቸው መሰበርና ማመንታት፣ የሐንስ ዚመርና የጀንኪ ኤክስኤል ሙዚቃም ከሥሩ ይቀበራል። ይህ ፊልም ደግሞ ብዙ ነገሩን የሚናገረው ሰዎቹ ዝም ባሉበት ቦታ ነው።

የፋይሉን ርዝመት ላፕቶፕ ላይ እዩ። 2 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ከሆነ አጭሩ፣ 3 ሰዓት ከ2 ደቂቃ አካባቢ ከሆነ ረጅሙ ነው። 2 ሰዓት ከ25 ወይም 2 ሰዓት ከ55 ካሳየ ምንም አልተቆረጠበትም፤ በሴኮንድ ከ24 ፍሬም ወደ 25 ተቀይሮ በ4 በመቶ ገደማ የፈጠነ ቅጂ ነው። የፋይሉን ስም ግን አትመኑ፤ ስም ማንም ይቀይረዋል። በትዕይንት ለማረጋገጥ ናይሮሚ የምትባለውን የፈጠራ አፍሪካዊት አገር ክፍል ክፈቱ። ከጋዜጠኛዋ ከሎይስ ሌን ጋር የመጣው ፎቶ አንሺ «ጂሚ ኦልሰን» ብሎ ራሱን ካስተዋወቀ የያዛችሁት ረጅሙን ነው።

የምትመዝኑት ረጅሙን ይሁን። አጭሩን ብቻ ያየ ሰው ፍርዱ ስህተት ነው ማለታችን አይደለም፤ ሲኒማ ቤት ገንዘብ የተከፈለበት እርሱ ነውና በራሱ ሊመዘን ይችላል። ሁለቱን አቀላቅሎ መፍረድ ነው የማይሆነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ረጅሙ ቅጂ በዓመፁ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ «አር» የሚል ደረጃ ተሰጥቶታል፤ ልጆች ያሉበት ሳሎን ውስጥ አትክፈቱት።

2. ዕቃውን አዘጋጁ

ፋይሉ ከ4 ጊጋ ባይት ከበለጠና ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ፣ ፍላሹ ባዶም ቢሆን ኮፒው እምቢ ይላል። ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት ብታደርጉት ይቀበላል፤ አንዳንድ የቆየ ቲቪ ግን ኤክስፋትን አያነብም። ከዚህ ሁሉ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር ማገናኘት ይቀላል። ፎርማት ሲደረግ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋም አትርሱ።

ሰብታይትሉን (ከምስሉ ሥር የሚታየውን የንግግር ጽሑፍ) ከዋዜማው ፈትሹ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ስህተቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ፣ ለምሳሌ ጽሑፉ ሁልጊዜ በ2 ሴኮንድ ከቀደመ፣ ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ላይ የ«ኤች» ቁልፍ ያዘገየዋል፣ «ጂ» ያፈጥነዋል፤ አንድ ጊዜ ሲጫን 50 ሚሊ ሴኮንድ ነው። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ በድንገት በደቂቃ የሚያህል ከራቀ ግን በቁልፍ አይስተካከልም። የአጭሩ ቅጂ ሰብታይትል ረጅሙ ላይ ተጭኗል ማለት ነው፤ አዲስ ትዕይንት በገባ ቁጥር ልዩነቱ እየዘለለ ይሰፋል። ሌላ ሰብታይትል ፈልጉ። በጥቂት በጥቂቱ የሚርቅ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የ24ና የ25 ፍሬም ልዩነት ነው።

ንግግሩ በሙዚቃው ከተዋጠ ድምፁን ዝም ብላችሁ አትጨምሩ። ፋይሉ ባለ 5.1 ድምፅ ከሆነ ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው በመሐለኛው ቻናል ነው፤ የናንተ ስፒከር ሁለት ብቻ ከሆነ ማጫወቻውን ወደ ስቴሪዮ ቀይሩት።

ምስሉ ጨለማ የበዛበት ነው። ቲቪውን ከ«ቪቪድ» አውጥታችሁ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ላይ አድርጉት፤ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ቅንብርም አጥፉ፤ ፊልሙን የቴሌቪዥን ድራማ ያስመስለዋል። በ2021 እንደገና ተዘጋጅቶ የወጣው ቅጂ ከሆነ ደግሞ፣ በአይማክስ ካሜራ የተቀረፁት ክፍሎች ሲደርሱ ምስሉ ወደ ላይና ወደ ታች ይከፈታል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሪሞት አታንሱ።

በደጋው የቀትር ብርሃን ይህን ፊልም ማየት አይቻልም። 9 ሰዓት ላይ የምትጀምሩ ከሆነ መስኮቱን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ስቀሉበት። ከ12 ሰዓት በኋላ ከሆነ ጋቢውን ለራሳችሁ አስቀሩት፤ ደብረ ብርሃን ማታ ላይ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ቀላል አይደለም፣ የበረደው ሰው ደግሞ የፊልሙን ሁለተኛ ክፍል በትዕግሥት አያይም። ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ሙቀት ነው፦ ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ አታስቀምጡ፣ ማቀዝቀዣው ይታፈንና ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስባችሁም ባትሪውን ሞልታችሁ ጀምሩ።

3. ሳታዩ በፊት የቀድሞ ፍርዳችሁን ጻፉ

እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ወረቀት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ ፊልሙን ወድጄዋለሁ ወይም ጠልቼዋለሁ፣ ለዚህ ያበቃኝ ትዕይንት ይህ ነው፣ ምክንያቴም ይህ ነው። ወረቀቱ ታጥፎ ይቀመጥ። ይህ ካልተደረገ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር የቀድሞውን ይረሳዋል፤ «እኔ ድሮም እንዲህ ነበር የምለው» ይላል። ጊዜ ካላችሁ የ«ማን ኦፍ ስቲል»ን የሜትሮፖሊስ (የሱፐርማን ከተማ) ውጊያ ቀድማችሁ እዩ፤ ተከታዩ የሚነሳው ያንኑ ጥፋት በመንገድ ላይ ባለ ሰው ዓይን በማሳየት ነው።

4. ስታዩ

አንድ ጊዜ ብቻ አቋርጡ፤ የሚሻለው ቦታ ከካፒቶሉ (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) ፍንዳታ በኋላ ነው። ስልክ ይዘጋ። ማስታወሻው ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ ደቂቃው፣ የታየው ነገር፣ ያንን ነገር የሚያውቀው ገጸ ባሕርይ። ሦስተኛው ዓምድ ከሁሉም ይበልጣል። ታሪኩ በሙሉ ሌክስ ሉተር የተባለው ባለጸጋ ባትማንንና ሱፐርማንን በግማሽ እውነት እንዴት እንዳጋጫቸው ነው፤ ማን ምን እንደሚያውቅ ካልተከታተላችሁ ሁለቱም ጅል ይመስሏችኋል።

5. ክሶቹን አንድ በአንድ መርምሩ

«ሱፐርማን በናይሮሚ ለምን ተከሰሰ?» በአጭሩ ቅጂ ይህ ክስ ትክክል ነው። ሰዎቹ በጥይት ሲገደሉ እናያለን፤ ሱፐርማን ደግሞ መሣሪያ አይዝም። ታዲያ ሴኔቱ ምን አይቶ ጠረጠረው? በረጅሙ ቅጂ የሌክስ ቅጥረኛ ኒያዜቭ አስከሬኖቹን በእሳት ሲያቃጥል ይታያል፤ ከሱፐርማን ዓይን በሚወጣው እሳት የተገደሉ እንዲመስሉ ነው። ምስክሯ ካሂና ዚሪም የሐሰት ቃል እንድትሰጥ መደረጓን ለሴናተር ፊንች ትናዘዛለች፣ ከዚያም ትገደላለች። ሐሰተኛ ምስክር ምን ያህል ቤት እንደሚያፈርስ ለሚያውቅ የሸዋ ተመልካች ይህ የፊልሙ ጠንካራ ክር ነው፤ ሲኒማ ቤት ሲደርስ ግን ክሩ ተበጥሶ ነበር።

«ሱፐርማን ካፒቶሉ ውስጥ የፈነዳውን ፈንጂ እንዴት አላየውም?» በሜትሮፖሊሱ ጥፋት እግሮቹን ያጣው ዋላስ ኪፍ የተቀመጠበት ተሽከርካሪ ወንበር ውስጡ በእርሳስ ማዕድን የተሸፈነ ነበር፤ የሱፐርማን ዓይን ደግሞ በእርሳስ ውስጥ አያልፍም። ይህንን ሎይስ የምትሰማው በረጅሙ ብቻ ነው። ከፍንዳታው በኋላም ሱፐርማን ቁስለኛ ተሸክሞ ሲወጣ እናያለን። አጭሩ ላይ እሳቱ መሐል ቆሞ ከዚያ ይጠፋል፤ «ግድ የለውም» የሚለው ቅሬታ ከዚህች መቆረጥ የመጣ ነው።

«ክላርክ (ሱፐርማን በሰው ስሙ) ባትማንን ለምን ጠላው?» ረጅሙ ላይ ክላርክ የባትማን ከተማ ጎተም ድረስ ሄዶ የተጎጂ ቤተሰብ ያነጋግራል፤ የባትማን ምልክት በጋለ ብረት የታተመባቸው እስረኞችም በሌክስ ሰዎች ገንዘብ እንደሚገደሉ ይታያል። ጥላቻው ሥር ያገኛል።

እስከዚህ ድረስ ረጅሙ ቅጂ የፊልሙን ጉድለት ይሞላል። ከዚህ በኋላ ያሉት ግን በደቂቃ ብዛት የሚፈቱ አይደሉም፤ ልባችሁ ቢለሰልስም እዚህ ጠንከር በሉ።

ባትማን ሰው ይገድላል። ፊልሙ ይህንን እንደ ውድቀት ያቀርበዋል፤ አገልጋዩ አልፍሬድም ይገሥጸዋል። ሆኖም ከሱፐርማን ጋር ከታረቀ በኋላ መጋዘን ውስጥ የሚያደርገው ውጊያ ከበፊቱ ብዙም አይለይም። ተለውጧል ከተባለ ለውጡ በእጁ ሥራ መታየት ነበረበት። ይህ የጽሑፉ ጉድለት ነው ብለን እናምናለን።

ዳያና (ወንደር ዉመን) የሌሎቹን ጀግኖች ቪዲዮ በላፕቶፕ የምትከፍትበት ክፍል ወደ ዋናው ፍልሚያ የሚሄደውን ውጥረት መሐል ላይ ይሰብራል። ቀጣይ ፊልሞችን ለማስተዋወቅ የገባ ነው፤ ለዚህ ታሪክ የሚጨምረው የለም።

ባትማን ሊገድለው ሲል ሱፐርማን የእናቱን ስም የሚጠራበት የ«ማርታ» ትዕይንት ብዙ የተባለበት ነው፤ የባትማን እናትም ስሟ ማርታ ነው። ትዕይንቱን በሁለት ጥያቄ ክፈሉት። ቀድሞ ተዘጋጅቶለታል? አዎ፦ በመክፈቻው የብሩስ (ባትማን በሰው ስሙ) አባት ሲሞት የመጨረሻ ቃሉ የሚስቱ ስም ነው፤ ብሩስም ጦሩን አንስቶ ከሥሩ የሚያየው የሚለምን ሰው እንጂ ጭራቅ እንዳልሆነ በዚያ ስም ይገባዋል፤ ራሱ የወላጆቹን ገዳይ ቦታ ይዟል። አቀራረቡስ ያሳምናል? እዚህ ላይ እንጠራጠራለን። ለመግደል ከተነሳ ሰው «እናትህን አድናለሁ» እስከሚለው ድረስ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ የተመልካች ልብ ከብሩስ ጋር አብሮ አይዞርም። ሐሳቡ ትልቅ ነው፣ የተሰጠው ትንፋሽ አነሰ።

የዱምስዴይ ውጊያ ደግሞ የፊልሙ ደካማ ክፍል ነው፤ ጨለማ፣ ፍንዳታ፣ የኮምፒውተር ጭራቅ።

6. ተሟገቱ

እንደ ድሮው በላ ልበልሃ አድርጉት፦ አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ጠበቃ፣ አንዱ ዳኛ። ሕጉ አንድ ነው፤ ደቂቃ ያልተጠቀሰበት ክስ አይሰማም። «አሰልቺ ነው» የሚል ሰው የሰለቸው ከየት እስከ የት እንደሆነ ከማስታወሻው ያንብብ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሳሽና ጠበቃ ቦታ ይቀያየሩ፤ የጠላውን ትዕይንት ለመከላከል የተገደደ ሰው ያላየውን ያያል። የፊልሙ ያልሆነ ክስ ሲመጣ ዳኛው ይመልሰው፦ በዲሴምበር 2015 የወጣው ትሬለር ዱምስዴይን አስቀድሞ ማሳየቱ የአስተዋዋቂዎቹ ጥፋት ነው። «የኮሚክሱ ሱፐርማን እንዲህ አይደለም» የሚለውም ለብቻው የሚቀመጥ ክስ ነው፤ ፊልሙ የራሱን ሱፐርማን በደንብ አቁሟል ወይ የሚለውን አይመልስም።

7. ፍርዱን ጻፉ

አናቱ ላይ የቅጂውን ርዝመት አስቀምጡ። ቀጥሎ ረጅሙ ቅጂ የመለሰውን፣ ከዚያ ያልመለሰውን፣ መጨረሻ ላይ ለማን እንደምትመክሩት። የታጠፈውን ወረቀት አሁን ክፈቱና አወዳድሩ። ፍርዱ ያልተቀየረ ሰው ምንም አላጎደለም፤ ምክንያቱ ግን ቢያንስ በአንድ ትዕይንት የጠራ መሆን አለበት።

ሦስት ሰዓት ማግኘት ያልቻለ ሰው ከረጅሙ ቅጂ እነዚህን ብቻ ይይ፦ የሜትሮፖሊስ መክፈቻ፣ ናይሮሚ፣ ካሂና ከሴናተሯ ጋር የምትነጋገርበት፣ የካፒቶሉ ፍንዳታና የሎይስ ምርመራ፣ ከዚያ ከፍልሚያው እስከ ጦሩ መጣል። ከአንድ ሰዓት በታች ይወስዳል። በዚህ ስለ ታሪኩ አወቃቀር መፍረድ ይቻላል፤ ስለ ፊልሙ ፍጥነትና አሰልቺነት ግን ያልተቀመጠበት ሰው አይናገር።