ቅጠላቸው ከረገፈ የኦርኪድ አሮጌ ራሶች አዲስ ተክል በቤት እንዴት እንደሚበቅል

ኦርኪድ የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች የመትከያ ዕቃውን በሚቀይሩበት ጊዜ ከተክሉ ጀርባ የሚገኙትን፣ ቅጠላቸው የረገፈና የተሸበሸቡ ራሶች (ውሃና ምግብ የሚያከማቹ ያበጡ ግንዶች) እንደ ሞቱ ቆጥረው ይጥሏቸዋል። አብዛኞቹ ግን በሕይወት ያሉ ናቸው። በውስጣቸው ያከማቹት ውሃና ምግብ አለ፤ ከግርጌያቸውም ያልነቃ ዓይን፣ ማለትም አዲስ ቡቃያ የሚወጣበት ጉብታ፣ ይገኛል። ዓይኑ ተኝቶ የሚቆየው ከፊት የሚያድገው አዲስ ቡቃያ የሚያመነጨው የእድገት ንጥረ ነገር ስለሚያግደው ሲሆን፣ አሮጌው ራስ ከፊተኛው ክፍል ሲለይ እገዳው ይነሣለትና ይነቃል። ከዚህ መንገድ የሚገኘው ተክል ከዘር እንደሚበቅለው ሳይሆን ከእናቱ ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት አበባ ይሰጣል።

ዘዴው የሚሠራው ወደ ጎን እየተስፋፉ ለሚያድጉትና በየዓመቱ አዲስ ራስ ለሚጨምሩት እንደ ሲምቢዲየም፣ ካትሊያ፣ ኦንሲዲየም እና ዴንድሮቢየም ላሉ ዝርያዎች ነው። ፋላኖፕሲስና ቫንዳ በአንድ ግንድ ወደ ላይ ብቻ ስለሚያድጉ እንዲህ ያለ ራስ የላቸውም።

በዝርያው ምርጫ ላይ የሚኖሩበት ከተማ ከፍታ ወሳኝ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቷ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሲምቢዲየም ደግሞ አበባ ለመቋጠር ቀዝቃዛ ሌሊት ስለሚያስፈልገው ለሐረር ግቢ የሚመች ነው። በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ግን ሲምቢዲየም ቅጠል እያወጣ ለዓመታት ሳያብብ ሊኖር ስለሚችል፣ ለድሬዳዋ ነዋሪ የምመክረው ካትሊያንና ሙቀት ወዳድ የሆኑትን የዴንድሮቢየም ዓይነቶች ነው። በሁለቱም ከተሞች ራሱ የሚወሰደው ቀድሞ በቤት ከለማ ተክል መሆን አለበት። ኦርኪድን ከዱር መንቀል ተክሉን ከመኖሪያው ያጠፋዋል፤ የኦርኪድ ዓለም አቀፍ ንግድም ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ሥር ያለ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ተክሉ አብቦ ከጨረሰ በኋላ ነው። በሐረር ከመጋቢት ጀምሮ ያለው ጊዜ ጥሩ ሲሆን፣ በድሬዳዋ ግን የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ስለሚደርስ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ረገብ ያለ ወቅት መሥራት ይሻላል። ተክሉን ከዕቃው አውጥተው ያራግፉት፤ ለእናትየው ቅጠል ያላቸው ቢያንስ 3 ራሶች ይተዉላት፤ ከዚያ ወዲያ ያሉትን አሮጌዎች ብቻ ለመለየት ያስቡ። የሚመረጠው ራስ ሲጫኑት ጠጣር የሆነ ነው። ጥቂት መሸብሸቡ አያስፈራም፤ የለሰለሰ፣ የጠቆረ ወይም ባዶ የሆነው ግን ዋጋ የለውም።

ቢላዋው በእሳት መጽዳት አለበት፤ ከአንድ ተክል ወደ ሌላው ሲሸጋገሩም እንደገና ይጸዳል። የኦርኪድ ቫይረሶች ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፉበት ዋናው መንገድ ያልጸዳ ስለት ነው፤ ቫይረስ ያለበት ተክል አሮጌ ራስም ቫይረሱን ይዞ ስለሚበቅል፣ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ወይም ጥቁር ዝንጉርጉር መስመር ካለው ተክል ራስ መውሰድ አይገባም። ራሶቹን የሚያያይዘውን አግድም ግንድ በአንድ ምት ይቁረጡ። የሲምቢዲየም ራስ አንድ ብቻውን ይበቃል፤ የካትሊያ ግን 2 ወይም 3 ሆነው ሳይለያዩ ቢቆዩ የበለጠ ጉልበት ይኖራቸዋል። የደረቀውን ሽፋን በጣት ቀስ ብለው ሲልጡ ከግርጌው ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን የመሰለ ጉብታ ይታያል። ዓይኑ እርሱ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ክሬም ከሆነ ሕያው ነው፤ በቀላሉ ስለሚሰበር በጥንቃቄ ይያዝ። በተቆረጠው ቦታ ላይ ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ የሚገኝ የተፈጨ ቀረፋ ይነስንሱ፤ ቀረፋ ሻጋታን ይከላከላል፤ ሥር ላይ ግን እንዳይደርስ ይጠንቀቁ፤ ያደርቀዋልና። ከዚያም ቁስሉ እስኪደርቅ 1 ወይም 2 ቀን በጥላ ይቆይ።

ለማስነቂያ የሚያገለግለው ሞስ (እርጥበት የሚይዝ፣ የደረቀ የሽበት ዓይነት ተክል) ነው፤ ካልተገኘ ጨውነቱ እስኪለቅ በውሃ ደጋግሞ የታጠበ የኮኮናት ቃጫ ይተካዋል። በውሃ ነክረው ጠብታ እስከማይወርድ ድረስ ይጭመቁት፤ ራሱንም ከግርጌው ጥቂት ብቻ አስገብተው ዓይኑ ከላይ እንዲታይ ያቁሙት። ዴንድሮቢየም ከሆነ ዘንጉን አግድም አጋድመው ያስቀምጡት፤ ከአንጓዎቹ ይበቅላል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀዳዳ ባለው ብርሃን አሳላፊ ፌስታል ይሸፍኑትና የፀሐይ ጨረር በቀጥታ በማይደርስበት ብሩህ ቦታ ያኑሩት። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ያገኘው ዝግ ፌስታል ውስጡን በአንድ ቀትር ሊያበስለው ይችላልና ይህ ዋዛ አይደለም። በየ3 ወይም 4 ቀኑ አየር እንዲያገኝ ይክፈቱት።

አሮጌ ራስ ከሚጠፋባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ውሃ ነው፤ በጥማት ከሚሞተው በመበስበስ የሚሞተው እጅግ ይበልጣል። ሥር የሌለው ራስ ውሃ መምጠጥ ስለማይችል በትነት እንዳይደርቅ በዙሪያው ያለው እርጥበት ብቻ ይበቃዋል፤ ሞሱ ሲነካ ቀዝቀዝ ካለ ውሃ አይጨምሩ። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ የበዛበት በመሆኑ በማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ያስቀራል፤ ያው ኖራ በሞስና በለጋ ሥር ላይም ይከማቻል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ የሚወርደውን ውሃ በጀሪካን ማጠራቀም ተገቢ ነው።

ቡቃያው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ ከዚያም በላይ የሚዘገይ አለ። ራሱ ጠጣር እስከሆነ ድረስ ተስፋ አለውና አይጣል፤ በየጊዜው እያወጡ ማገላበጥም አይገባም። እስከዚህ ድረስ ማዳበሪያ የሚባል ነገር አያስፈልግም፤ ቡቃያው የሚመገበው ከራሱ ውስጥ ነው።

ለመቁረጥ የሚያመነታ ሰው ሌላ መንገድ አለው፤ እኔም ለጀማሪ የማስቀድመው ይህንን ነው። ተክሉ በዕቃው ውስጥ እንዳለ፣ በአሮጌዎቹና በፊተኞቹ ራሶች መካከል ያለውን አግድም ግንድ ብቻ በጸዳ ስለት ቆርጦ ሳይነቅሉ መተው ነው። አሮጌዎቹ በነባር ሥሮቻቸው ውሃ እያገኙ ስለሚቆዩ ዓይናቸው በተሻለ ጉልበት ይነቃል፤ ቡቃያው ሲጠነክር ተለይተው ይተከላሉ።

ቡቃያው የራሱን ሥር አውጥቶ ሥሮቹ ጥቂት ሴንቲሜትር ሲሆኑ፣ ከአሮጌው ራስ ሳይላቀቅ ወደ ትንሽ ዕቃ ይዛወራል። የሚተከለው በአፈር ሳይሆን በትንንሹ በተቆረጠ የዛፍ ቅርፊትና አመዱ በታጠበ የከሰል ስብርባሪ ነው፤ ውሃ ፈጥኖ መውረድ አለበትና። የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝ በረንዳ ወይም የዛፍ ጥላ ይበቃዋል፤ በድሬዳዋ አመሻሽ ላይ የግቢውን ወለል በውሃ ማርጠብ አየሩን ያለሰልስለታል። ማዳበሪያ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱም በማዳበሪያው ማሸጊያ ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡ ብቻ ይሁን። ሲምቢዲየም ለማበብ 3 ዓመት ያህል ይፈልጋል። አዲሱ ተክል የራሱን ራስ ሠርቶ ሲጨርስ አሮጌው ሊቆረጥና ወደ ሞሱ ሊመለስ ይችላል፤ ጠጣር ከሆነና ሌላ ዓይን ከቀረው እንደገና ይበቅላል።