ካምፐር ቫን ይዞ ብቻን ሲወጣ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በሚኒሶታ ከዱሉዝ እስከ ግራንድ ማሬይ የሱፒሪየርን ሐይቅ ዳር ይዞ የሚሄደው ሀይዌይ 61 ለካምፐር ቫን (መኝታና ማብሰያ ላለው ቫን) የተመቸ ነው፤ ጉዝቤሪ ፎልስ፣ ቴቴጉሽ፣ ቴምፐረንስ ሪቨርና ካስኬድ ሪቨር የሚባሉት ስቴት ፓርኮች ተከታትለው ይገኙበታል። እንደ ቱ ሃርበርስና ሲልቨር ቤይ ባሉት ትንንሽ ከተሞች ፊውዝ ይገኝ ይሆናል፤ የቫን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ባለሙያ እሑድ ማታ ማግኘት ግን ዘበት ነው። ብቻውን የወጣ ሰው ደግሞ «ሞተሩን አስነሳልኝ፣ እኔ ልለካ» የሚለው ሰው አጠገቡ የለም። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል። ቴስተር (የቮልት መለኪያ)፣ ትርፍ ፊውዞች፣ የ10 እና የ13 ቁልፍ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ከቫኑ አይጥፉ።

ማታ ሲሠራ የነበረው ፍሪጅ ንጋት ላይ ጠፍቶ ይገኛል

ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፍሪጁን ነው። ፍሪጁ ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ቮልት ሲወርድ ራሱን የሚያጠፋው ባትሪውን ለማዳን ነው። ሁሉንም አጥፍተው፣ ባትሪው (ሞተሩን ከሚያስነሳው የተለየው፣ ፍሪጁን የሚያሠራው የኋላው) ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ይለኩ። ኤጂኤም ባትሪ (ዝግ የሊድ አሲድ ባትሪ) 12.7 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ከዚያ በታች እየደጋገመ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ በዚህ መንገድ አይታወቅም። ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ 13 ቮልት አካባቢ ስለሚቆይ፣ የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር ሞኒተር ያስፈልገዋል።

ባትሪው ደህና ከሆነ፣ ፍሪጁ እየሠራ ሳለ ባትሪው ላይና ፍሪጁ የተሰካበት ሶኬት ላይ ይለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ ወይ ቀጭን ነው፣ ወይ ረጅም ነው፣ ወይ ሞርሴቶ ላልቷል። የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ዋናው ተጠርጣሪ ነው፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይላላል። አውጥቶ በብሎን በሚታሰር ማገናኛ መተካት ነው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ያልገጠመው ሂሳቡ ነው። ሲሠራ 4 አምፔር የሚስብ ፍሪጅ ከቀኑ 40 በመቶውን ቢሠራ በ24 ሰዓት 38 አምፔር ሰዓት ይበላል። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ኤጂኤም ሳይጎዳ የሚሰጠው ደግሞ 50 ያህል ብቻ ነው። በኦክቶበር ጥድ ሥር ቆሞ ሶላሩ ይተካዋል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ሲነዳ ቢውልም ባትሪው ካልሞላ፣ ሞተሩ እየሠራ የኋላውን ባትሪ ይለኩ። ከ13.5 ቮልት በላይ ካልወጣ በመጀመሪያ በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ያለውን ፊውዝና ሪሌ (ሁለቱን የሚያገናኘውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ይዩ። እነሱ ደህና ከሆኑ ጉዳዩ የዲናሞው ነው፦ ብዙ አዳዲስ ቫኖች ላይ የመኪናው ባትሪ ሲሞላ ዲናሞው ቮልቱን ይቀንሳል፣ የኋላው ባትሪም ጦሙን ያድራል። መፍትሄው ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር (ከዲናሞው የሚመጣውን ቮልት አስተካክሎ የኋላውን ባትሪ የሚሞላ መሣሪያ) ነው፤ ባለ 30 አምፔሩ የፍሪጁን የቀን ፍጆታ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጉዞ ይመልሳል። ሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች አልሞላም ካለ ግን አልተበላሸም፤ ከልካዩ የራሱ መቆጣጠሪያ ነው። ባትሪው ያለበትን ክፍል ያሙቁ። መቆጣጠሪያውን አልፎ መሙላት ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል።

ፓርኩ ኤሌክትሪክ ላይ ሲሰካ ብሬከር ይወርዳል፣ ወይም ስፒናው ይሞቃል

ባለ 30 አምፔር መሰኪያ በ120 ቮልት 3600 ዋት ይሰጣል። በአዳፕተር ከተራ ባለ 15 አምፔር ሶኬት ከተሳበ ግን ጣሪያው 1800 ዋት ነው፤ ባለ 1500 ዋት ማሞቂያ በርቶ ጀበና ለመጣድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲከፈት ብሬከሩ ቢወርድ አይገርምም። አንዱን ያጥፉ። ስፒናው ከሞቀ፣ ብሬከሩ ባይወርድም፣ የፓርኩን ብሬከር አጥፍተው ይንቀሉት። ቀጭን የቤት ማራዘሚያ ገመድ ለዚህ አልተሠራም፤ ለ30 አምፔር ባለ 10 ጌጅ (ሽቦው ወፍራም የሆነ) ገመድ ያስፈልጋል።

ቫኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠፍቶ እያለ ጂኤፍሲአይ ሶኬት (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ ራሱን የሚያጠፋ ሶኬት) ወዲያው ከወረደ፣ ወይ ስፒናው ውስጥ እርጥበት ገብቷል፣ ወይ ቫኑ ውስጥ ኒውትራሉና ግራውንዱ (የመመለሻው ሽቦና የመሬት ሽቦው) አንድ ላይ ታስረዋል። ሁለተኛው በተለይ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ 120 ቮልት የሚቀይር መሣሪያ) በራስ እጅ በተገጠመበት ቫን ያጋጥማል። የተገናኙበት ቦታ ተገኝቶ ሳይለያይ አይሰካም።

መስኮቱ ያልበዋል፣ ፍራሹ ከሥር ይረጥባል

አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል። ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ቫኑን እያሞቀ ያረጥበዋል ማለት ነው፤ ብርድ ቢሆንም መስኮት መዝጋት ችግሩን ያባብሳል። የጣሪያውን ቬንትሌተር በዝቅተኛው ፍጥነት ያብሩ፣ ከእሱ ራቅ ያለ መስኮትም ሁለት ጣት ያህል ይክፈቱ። ፍራሹን ከጣውላው በርብራብ እንጨት ከፍ አድርጎ አየር ማሳለፍ ነው።

አላርም ይጮሃል

በብዙ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሞች በየደቂቃው አንዴ «ጢጥ» የሚለው ባትሪው ሲያልቅ ወይም የአላርሙ ዕድሜ ሲያበቃ ነው። አራት ጊዜ ተከታትሎ ጮሆ እያረፈ ከደገመ ካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ) ነው፤ ምክንያት ሳይፈልጉ መጀመሪያ ይውጡ፣ ከዚያ 911 ይደውሉ። ጋዙ አእምሮን ያደነዝዛል፣ ብቻውን የተኛን ሰው የሚቀሰቅስ ደግሞ የለም። በኋላ የሚፈተሹት ከወለሉ ሥር የተላቀቀ የማሞቂያ ጭስ ማውጫ፣ በበረዶ የተደፈነ ጫፉ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር ናቸው።

ምድጃው በብርድ አይነድም

ቢውቴን 0 ዲግሪ አካባቢ ወደ ጋዝ መቀየሩን ያቆማል። ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይሠራል፤ ለኦክቶበር እሱን ይያዙ። ቆርቆሮውን እሳት ላይ ማሞቅ አይሞከርም።

ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ ፓምፑ በየደቂቃው ይነሳል

የሆነ ቦታ ግፊት እየፈሰሰ ነው። በየማገናኛው ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፈው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ የረጠበው ጋ ማገናኛውን ያጥብቁ። ሁሉም ደረቅ ከሆነ ፓምፑ ውስጥ ያለው የማይመልስ ቫልቭ አሸዋ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ፈቶ በንጹህ ውሃ ማጠብ ነው። ፓምፑ ሳያቋርጥ እየሠራ ውሃ ካልመጣ ግን ታንኩ አልቋል፣ ወይም የማጣሪያው ክዳን ላልቶ አየር እየሳበ ነው። እስኪጠገን ድረስ ለእግር ጉዞ ሲወጡም ሲተኙም የፓምፑን ማብሪያ ያጥፉ፤ አለዚያ ሙሉ ታንክ ወለሉ ላይ ፈስሶ ይጠብቅዎታል።